ልጅን ይዞ አገር ስለ ማየት

አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። ስንቅ የሚቀለው መንገደኛው እየበላለት ሲሄድ ነው፤ ውሸት የሚቀለው ግን ሰሚው እያወቀበት ሲሄድ ነው። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጓሜውን ግን የተማርሁት ከመጽሐፍም ከመምህርም ሳይሆን ከሰባት ዓመት ልጄ ነው። እንዴት እንደ ተማርሁት ልነግራችሁ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ ልጆች ብትባሉም ነገ አባትና እናት ትሆናላችሁ፤ ዛሬም ቢሆን ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሕፃንን እጁን ይዞ አገር ማሳየት ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሕፃን በዓይኑ ያየውንና በዚያው ስፍራ ቆሞ የሰማውን እስኪያረጅ ድረስ አይረሳውም። ስለዚህ በዚያ ስፍራ እውነት የነገረው ሰው ትልቅ ውለታ ይውልለታል፤ ሐሰት የነገረው ደግሞ ትልቅ በደል ይበድለዋል። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ።

የተወለድሁት ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፥ ከጮቄ ተራራ ሥር በሚገኘው በሲናን ወረዳ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ የሚበቅልበትም ገብስና ድንች ነው። አባቴ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ገበሬ ነበሩ። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ገብስ በአህያ ጭነው ወደ ማርቆስ ገበያ ሲወርዱ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። በዶሮ ጩኸት ተነሥተን ብርዱ እጃችንን እየቈረጠን እንወርዳለን። ሲነጋ አባቴ በመንገድ ያለውን ሁሉ ያሳዩኛል። «ይህ ዛፍ ኮሶ ነው። ይህ ድንጋይ የሁለት አጥቢያ ወሰን ነው፤ የነቀለው ሰው ጠብ ይተክላል። ይህ ውሃ ከጮቄ ወርዶ ጨሞጋ ይገባል፥ ጨሞጋም ዓባይ ይገባል፥ ዓባይም ከአገር ይወጣል» ይሉኛል። ጂኦግራፊ የሚባል ትምህርት መኖሩን ከማወቄ በፊት ጂኦግራፊ የተማርሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር የፈረሰ የድንጋይ ካብ አየሁና «አባቴ፥ ይህ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አባቴ ቆም ብለው አዩትና «ይህን አላውቅም። የማያውቁትን መናገር መንገደኛን ወደ ገደል እንደ መምራት ነው። ማርቆስ ስንደርስ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን» አሉኝ። እንዳሉትም በገበያ አንድ ሽማግሌ ጠየቁልኝ፤ በጠላት ዘመን ጣሊያን የሠራው ምሽግ መሆኑንም ሰማን። ስንመለስ አባቴ በካቡ አጠገብ እንደገና ቆሙና «አሁን ሁለታችንም አወቅን» አሉ። ያን ጊዜ የምሽጉ ነገር አስደነቀኝ እንጂ የአባቴን ቃል ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም ነበር።

በአገራችን ትምህርትና መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሳይለያዩ የኖሩ ናቸው። ቅኔ ለመማር የፈለገ ወደ ጎጃም ይመጣል፤ ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በዚህ የታወቁ ናቸው። ጎጃሜው ደግሞ በበኩሉ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴ ለማወቅ ወደ ደብረ ዓባይ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከደጅ ደጅ እየለመነ የተማረ ነው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በጎጃም ገዳማትና አድባራት እየተዘዋወሩ ነበር የተማሩት። በመጽሐፋቸው ውስጥ ማንኩሳንና ዲማን እንደ ሰው ፊት ለይተን እስክናውቃቸው ድረስ የጻፉልን አገሩን በእግራቸው ስለሚያውቁት ነው።

ነገር ግን በዚያ ልማድ አንድ የጐደለ ነገር ነበር። ልጁ የሚሄደው ብቻውን ነው፤ ወይም ከእርሱ የማይሻሉ ጓደኞች ጋር ነው። ብዙ ጊዜም ከወላጆቹ ተሰውሮ ነው። እናትና አባት ልጃቸውን በመካከላቸው አድርገው «ይህን እይ፥ ያንን ስማ» እያሉ መሄዱ የተለመደ አልነበረም። ልጅ ወደ ንግሥ በዓልና ወደ ገበያ ይወሰድ ነበር፤ ጥያቄ ቢያበዛ ግን «ዝም በል፥ የልጅ ነገር» ይባል ነበር። የኔ አባት ከዚህ የተለዩ በመሆናቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

በሌላው ዓለምም ይህን ነገር ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ የሚባል የሞራቪያ ተወላጅ፥ በጦርነት ምክንያት ከአገሩ ተሰዶ የኖረ መምህር፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1658 ለሕፃናት በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ፥ ልጅ ቃሉን ብቻ ከሚሸመድድ ነገሩን በዓይኑ ይይ፥ በእጁ ይዳስስ፥ ነገሩ ከሌለ ቢያንስ ሥዕሉን ይመልከት የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1762 ዣን ዣክ ሩሶ «ኤሚል» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ መምህሩ ልጁን ወደ ጫካ ይወስደዋል፤ መንገድ ሲጠፋባቸውም ልጁ በፀሐይና በጥላ አቅጣጫውን ለይቶ እንዲያገኝ ያደርገዋል። ነገሩ እጅግ መልካም ነው። ሆኖም ይኸው ሩሶ የራሱን አምስት ልጆች እንደ ተወለዱ ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ የሰጠ መሆኑን ራሱ ተናዝዞአል። እንግዲህ ስለ ልጅ አስተዳደግ አሳምሮ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የልጅን እጅ ይዞ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ይህን የምለው በሩሶ ለመፍረድ አይደለም፤ የራሴን ነገር ልናገር ስለ ሆነ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ፥ ሥራ ይዤ፥ ትዳር መሥርቼ በደብረ ማርቆስ ከተማ ተቀመጥሁ። ልጄ ፊደል በቈጠረች ጊዜ እኔና እናትዋ ተማከርንና ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለእርስዋ እንስጥ ብለን ወሰንን። ጠላ ቤትና የጓደኛ ወሬ ለጊዜው ይቅር አልሁ። ስንቃችን ዳቦ፥ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር፤ ሌላ ወጪ የለንም።

በመጀመሪያ የሄድነው ሚያዝያ 30 ቀን በቅዱስ ማርቆስ በዓል ወደ ደብሩ ነው። ከተማው ቀድሞ መንቆረር ይባል እንደ ነበር፥ ደብረ ማርቆስ የተባለውም በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስም መሆኑን ነገርኋት። በግድግዳው ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያሳየን ስንዞር፥ «ይህ ሰው ለምን በአንድ ዓይኑ ብቻ ተሣለ?» ብላ ጠየቀችን። በሥዕላችን ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይን፥ ክፉ ሰው ግን በአንድ ወገን ብቻ እየታየ እንደሚሣል እናትዋ አስረዳቻት። ከዚያ በኋላ ልጄ በየሥዕሉ ፊት እየቆመች መልካሙንና ክፉውን ራስዋ ትለይ ጀመር። ኮሜኒየስ መጽሐፉን ከማሳተሙ ብዙ ዘመን አስቀድሞ አባቶቻችን ላልተማረው ሕዝብ በግድግዳ ላይ የሥዕል መጽሐፍ ጽፈውለት ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ገበያ ሄድን። በዚህ ቀን መምህርትዋ እናትዋ ነበረች፤ እኔ ዘንቢል ተሸካሚ ነበርሁ። ማኛውን ከሠርገኛው ጤፍ እንዴት እንደምትለይ፥ በርበሬ ሲገዛ ለምን እንደሚሸተት፥ በቁና ሲሰፈር ጫፉ ለምን እንደሚሞላ አሳየቻት። ልጄ መደመርና መቀነስን በትምህርት ቤት ከአንድ ወር ይልቅ በዚያን ቀን በመልስ ሳንቲም ተማረች። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መልስ አትርፋ ብትሰጣት ልጄ ቈጥራ መለሰችላት፤ ሴቲቱም እጅዋን ስማ መረቀቻት። የሒሳብና የግብረ ገብ ትምህርት በአንድ ሰዓት ተሰጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሄድን። የኔም ጥፋት የተሠራው እዚያ ነው።

ልጄ ግቢውን ካየች በኋላ «አባዬ፥ ንጉሡ ጀግና ነበሩ?» አለችኝ። «አዎን፥ ጀግና ነበሩ» አልኋት። «የሚያሸንፋቸው ሰው ነበረ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ልጄ፥ የጎጃምን ንጉሥ ማንም አሸንፎአቸው አያውቅም፤ ሁሉም ይፈራቸው ነበር» አልኋት። ዓይንዋ በደስታ በራ። እኔም ደስ አለኝ። የተናገርሁት እውነት አለመሆኑን በደንብ አውቅ ነበር፤ ታሪኩን ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ልጄ በአገርዋ እንድትኰራ ፈለግሁ፤ ደግሞም እኔ ራሴ መኵራት ፈለግሁ። ለትንሽ ልጅ ይህ ምን ይጐዳታል አልሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ከትምህርት ቤት አኵርፋ መጣች። ምሳ አልበላም አለች። ብንለምናት፥ ብናባብላት ዝም አለች። ወደ ማታ ወደ እኔ መጥታ ነገሩን ነገረችኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ከተማቸው የሚያውቁትን እንዲናገሩ በታዘዙ ጊዜ ተነሥታ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማንም አሸንፎአቸው አያውቅም» አለች። ወላጆቹ ከዓባይ ማዶ ከሆሮ የመጡ አንድ ልጅ ግን «አያቴ እንባቦ ላይ ተማርከዋል ብሎኛል» አለ። እርስዋም «አባቴ አይዋሽም!» ብላ ጮኸችበት። መምህሩም ልጁ ያለው ልክ መሆኑን በለዘበ ቃል ነገራቸው፤ ልጆቹም ሳቁባት።

ይህን ከነገረችኝ በኋላ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፥ አታውቅም ነበር ወይስ ዋሸኸኝ?» አለችኝ።

አንባቢዬ ሆይ፥ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ተፈትኜአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን አልገጠመኝም። አላውቅም ነበር ብላት ሁለተኛ ውሸት እዋሻለሁ። ስለዚህ «አውቅ ነበር» አልኋት። «እንግዲያ ለምን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጄም ተነሥታ ወደ እናትዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አንድ ነገር ስነግራት ሁልጊዜ «እውነት ነው?» ትለኝ ነበር። ጨሞጋ ዓባይ ይገባል ብላት «እውነት ነው?» ትላለች። ነገ እሑድ ነው ብላት «እውነት ነው?» ትልና እናትዋን ትጠይቃለች። ለመሳደብ ብላ አይደለም፤ ተጠንቅቃ ነው። አባትን ከዚህ የበለጠ የሚያዋርድ ነገር የለም። አንዲት ቃል ስለ አንድ ንጉሥ ብዋሽ፥ ስለ ፀሐይና ስለ ዝናብ የምናገረው እውነት ሁሉ ዋጋውን አጣ።

በዚህ ጊዜ አባቴና ያ የድንጋይ ካብ ትዝ አሉኝ። ያልተማሩት አባቴ «አላውቅም» ማለት አላሳፈራቸውም፤ የተማርሁት እኔ ግን የማውቀውን እውነት ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ልጄን ይዤ ወደዚያው ቤተ መንግሥት ልመለስ ቈረጥሁ። በተዋሸበት ስፍራ እውነቱ መነገር አለበትና።

በግቢው አጠገብ ተቀመጥንና እንዲህ ብዬ ነገርኋት። ራስ አዳል ተሰማ የጎጃም ገዢ ነበሩ። በ1873 ዓ.ም. በጥር ወር አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡአቸው። በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ሁለቱም ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ይፈልጉት ነበር፤ ቡናው፥ የዝሆን ጥርሱና ወርቁ ከዚያ ይመጣ ነበርና። በ1874 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በሆሮ ጉዱሩ እንባቦ በተባለ ስፍራ ተገናኙ፤ ብርቱ ጦርነትም ሆነ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ ለሸዋ ድል አስገኘ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። አፄ ዮሐንስም ሁለቱ ንጉሦች ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቈጥተው ከምኒልክ ወሎን፥ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱባቸው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግን ተለቀው ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ በ1893 ዓ.ም. በጥር ወር እስኪሞቱ ድረስም ነገሡ።

ልጄ አንገትዋን ደፍታ ሰማችኝ። «እንግዲያ ጀግና አልነበሩም?» አለች። «ገና አልጨረስሁም» አልኋትና ቀጠልሁ። ከእንባቦ 14 ዓመት በኋላ ጣሊያን አገራችንን ሊወስድ መጣ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜ በእንባቦ የቈሰሉትና የተማረኩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር አስከትተው ከማራኪያቸው ጎን ለመሰለፍ ወደ ትግራይ ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጣሊያን ድል በተደረገ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ወገን ነበሩ።

ልጄ ጥቂት አሰበችና «ተቀይመው ቢቀሩስ ኖሮ?» አለችኝ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ጥፋት መጠኑን አወቅሁ። እኔ እንባቦን ስደብቅባት ዐድዋን ሰርቄባት ነበር። ያልተሸነፈ ንጉሥ ወደ ጦርነት ቢሄድ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው ተሸንፎ፥ ቈስሎ፥ ተማርኮ፥ ቂሙን ለአገሩ ሲል ወደ ኋላ ትቶ የሄደው ነው። የታሪክን ቍስል የሚሸፍን ሰው ጠባሳውንም ክብሩንም አብሮ ይሸፍናል።

ቀጥላም «በእንባቦ ስንት ሰው ሞተ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቍጥር ከአፌ ሊወጣ ነበር። ያዝሁትና «አላውቅም» አልኋት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከአኵርፋ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «እውነት ነው?» ሳትል ቀረች። ይልቁንም «እንግዲያ ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ።

በማርቆስ ደብር አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ወሰድኋት። «የኔታ፥ ልጄ ጥያቄ አላት» አልኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፥ ቍጥሩን እኔም አላውቀውም። የሞተው ሁሉ የእናት ልጅ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ደግሞ ሰዎች ሲያወሩት ሁለት ወገን ተዋጋ ይላሉ፤ ሦስተኛ ወገን መኖሩን አትርሺ። እርሱም እርሻው የጦር ሜዳ የሆነበት የሆሮ ገበሬ ነው። ማንኛቸውንም አልጠራም ነበር።» ወደ እኔም ዘወር ብለው «የአለቃ ተክለ ኢየሱስን የጎጃም ታሪክ አንብብላት» አሉኝ። ልጄ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ያን የሆሮ ልጅ ይቅርታ እንደ ጠየቀችው በኋላ ሰማሁ። እኔ አላዘዝኋትም።

መንገዱ ሰላም በነበረበት በዚያው ዓመት በበጋ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ከደጀን ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የሚረሳው አይደለም፤ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። እየወረድን የድንጋዩን መልክ አሳየኋት። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ የተደራረበው ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ100 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት ይህ አገር በባሕር በተሸፈነ ጊዜ የተከማቸ ነው፤ የባሕር እንስሳት ቅርፊትም ይገኝበታል። «እዚህ ባሕር ነበር?» ብላ ሳቀች። «ነበር፤ ይህንንም የምናምነው ድንጋዩ ስለ መሰከረ ነው» አልኋት። ከታችም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን 303 ሜትር ርዝመት ያለውን ድልድይ አየን፤ አሮጌው ድልድይም ከአጠገቡ ነው።

እዚያ ሆነን ወደ ደቡብ ምዕራብ በእጄ እያመለከትሁ ሆሮ ጉዱሩና እንባቦ ራቅ ብሎ በዚያ በኩል እንደሚገኝ ነገርኋት። የጎጃምን ታሪክ የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስም ከዚያ ከማዶ የተወለዱ፥ በልጅነታቸው ወደ ጎጃም መጥተው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ፥ ሠዓሊም ጸሐፊም የሆኑ ሰው እንደ ነበሩ ጨመርሁላት። ልጄም «እንግዲያ የኛን ታሪክ የጻፈልን የማዶ ሰው ነው» አለች። እኔ ከዚያ የተሻለ ትርጓሜ አልነበረኝም።

ስንመለስ ወደ ብቸና የሚታጠፈውን መንገድ አይታ «ወዴት ይሄዳል?» አለች። የበላይ ዘለቀ አገር መሆኑን ነገርኋት። አምስቱን የጠላት ዓመት በጫካ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ያልተንበረከኩ አርበኛ እንደ ነበሩ ነገርኋት። እዚህ ላይ ልቆም እችል ነበር። ነገር ግን ተምሬአለሁና ቀሪውንም ጨመርሁ፤ ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በ1937 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። ልጄ ዝም አለች። «ማን ነው ጥፋተኛው?» አለችኝ። «ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ስታድጊ አንብበሽ ራስሽ ትፈርጃለሽ፤ እኔ አሁን የሆነውን ነው የምነግርሽ» አልኋት። ከዚያ እስከ ማርቆስ ድረስ አልተነጋገርንም፤ እጅዋ ግን በእጄ ውስጥ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሕፃን ይዛችሁ ስትወጡ በአንድ ቀን አንድ ነገር አሳዩ፤ ብዙ ያየ ሕፃን ምንም አላየም። በእርሱ እርምጃ ሂዱ እንጂ በእናንተ እርምጃ አትጐትቱት። ሲደክመው አሳርፉት፥ ሲርበው አብሉት፤ የራበው ልጅ ስለ ንጉሥ አይሰማም። ማታ ለቤተ ሰቡ ያየውን እንዲናገር አድርጉት፤ ሲናገር የገባውና ያልገባው ይለያል። ሩቅ መሄድ ባይቻል አትዘኑ፤ አንድ የወፍጮ ቤት፥ አንድ የሸክላ ሠሪ ደጅ፥ አንድ የወንዝ ዳር ለአንድ ሳምንት ትምህርት ይበቃል። ጥያቄ ሲያበዛ አትቈጡት፤ «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሎአልና።

ከሁሉም በላይ ግን የምታውቁትን እውነት አትደብቁት፥ የማታውቁትንም አውቃለሁ አትበሉ። አገሩን የሚወድ ሰው አገሩን ለማሳመር መዋሸት የሚገባው ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ፍቅር ግን ልጁን ለመጀመሪያው ጠያቂ አሳልፎ ይሰጠዋል። እውነቱን ሰምቶ ያደገ ልጅ አገሩን ከነቍስሉ ይወዳል፤ የጎረቤቱንም ቍስል ያያል። በውሸት ያደገ ልጅ ግን ውሸቱን ባወቀ ቀን ወይ አገሩን ይንቃል፥ ወይ እውነት የተናገረውን ይጠላል።

አባቴ አሁን በሕይወት የሉም። ልጄን ይዤ በዚያ በሲናን መንገድ ባለፍሁ ቁጥር በፈረሰው ካብ አጠገብ እንቆማለን። እርስዋም የጣሊያን ምሽግ እንደ ነበረ፥ አያትዋም መጀመሪያ እንዳላወቁት፥ ከዚያም ጠይቀው እንዳወቁት ለታናሽ ወንድምዋ ትነግረዋለች። ወንድምዋም ሁሉን ሰምቶ ሲጨርስ ሌላ ድንጋይ ያሳያትና «ይህስ?» ይላታል። እርስዋም «እርሱን አላውቅም፤ እንጠይቃለን» ትለዋለች።